«እሳቸው» ድንገት «እሱ» ሲሆኑ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተመካክረው የመጡ ይመስላሉ። ሁሉም ስለ አጭር ልቦለድ ነው የሚጠይቁት። ሁሉም በየራሳቸው መንገድ «ገጸ ባሕርዬ ነፍስ አልዘራ አለኝ» ይላሉ።

አዲስ አንባቢ ካለ ልንገረውና፣ እኔ የሥነ ጽሑፍ ምሁር አይደለሁም። ደሴ ውስጥ ፍርድ ቤት በር ላይ 19 ዓመት ራፖር ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ጃንጥላ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና፣ ፊት ለፊቴ አንድ በርጩማ። በርጩማው ላይ የተቀመጠው ያወራል፣ እኔ እመታለሁ። ስለ ሰው አነጋገር የማውቀው ነገር ቢኖር ከዚያች በርጩማ የተማርኩት ነው።

*

«ጋሼ፣ የመጀመሪያ ታሪኬን ጓደኞቼ አንብበው ‹ልጅቷ አልታየችንም› አሉኝ። እኔ ግን አንድ ሙሉ ገጽ ነው የገለጽኳት። መግቢያው እንዲህ ይላል፦ ‹ሰዓዳ ረጅምና ጠይም ናት። ዐይኖቿ ብር አሎሎ ይመስላሉ። አፍንጫዋ ሰልካካ፣ ጥርሶቿ እንደ ወተት የነጡ፣ አንገቷ የብርሌ አንገት፣ ጸጉሯ እስከ ወገቧ የሚወርድ ነው። ጸባየ ሸጋና ሰው አክባሪ ናት። በውስጧ ግን ብዙ ሐዘን አለ።› ምኑ ነው የጎደለው?»
ሐ.፣ ከወልድያ

ሐ.፣ ምንም አልጎደለም። ተርፏል። ይህን ገጽ ይዤ ሰዓዳን ልፈልግ ሰኞ ገበያ ብወጣ ሃምሳ ሰዓዳ ይዤ እመለሳለሁ። ብር አሎሎው፣ ብርሌው፣ ሰልካካው የዘፈን ዕቃ ነው። ዘፈን ውስጥ ያምራል፤ የሚሰማው ሁሉ በልቡ ያለችውን ሴት ያስገባበታል። ታሪክሽ ውስጥ ግን የምትፈለገው አንዲት ሰዓዳ ብቻ ናት።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት የጠፋ ልጃቸውን ማስታወቂያ ሊያስጽፉ መጡ። ዕድሜ፣ ቁመት፣ የመልክ ቀለም፣ የለበሰው ልብስ። ጻፍኩ። ወረቀቱን ከመኪናው ስስብ፣ ለመሄድ ተነሥተው ቆመው ሳለ፣ «ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። የፊት ጥርሱን በቅሎ ሰብራበታለች» አሉ። ይህችን በእጄ ከሥር ጨመርኳት። ልጁ ይገኝ አይገኝ አልሰማሁም። ግን ስንት ዓመት አልፎም፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ አንድ ሰው አፉን ሸፍኖ ሲስቅ ካየሁ ቀና ብዬ አየዋለሁ። ቁመቱን ረስቼዋለሁ።

ለምን እንደያዘኝ ሳስበው፣ የመጨረሻዋ ነገር የልጁን ገላ ብቻ አልነገረችኝም። ልጁ በገላው ምን እንደሚያደርግ ነገረችኝ። ያፍራል ማለት ነው። እናትየው «ዓይን አፋር ነው» ቢሉኝ ኖሮ አልጽፈውም ነበር፤ ማን ያልሆነ አለ?

አሁን ወደ ሰዓዳ እንመለስ። «ብዙ ሐዘን አለ» ያልሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ አላየሁም። ቡና ላይ አስቀምጫት፦

«ሰዓዳ ሲኒ ደረደረች። ስድስት። ቆጠረችና አንዱን አንሥታ ከረከቦቱ ኋላ ደበቀችው። አቦሉ ሲቀዳ እናቷ ሲኒዎቹን አየች። ምንም አላለችም።»

ሐዘን የሚል ቃል የለበትም። ማን እንደጎደለ አላውቅም፣ ግን ሳላውቅ አልተኛም። ጠይም ትሁን ቀይ አልጠየቅኩሽም፤ አንቺም ሳትነግሪኝ እኔው መልክ ሰጥቻታለሁ። አንባቢ እንዲህ ዓይነት ሥራ ደስ ይለዋል፣ አትቀሚው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰዓዳ ሻሽ የምታስር ልጅ ከሆነች፣ ጸጉሯ ወገቧ ድረስ መውረዱን ማን አየ? ያየው ሰው አለ ማለት ነው። እኅቷ ናት? ባሏ ነው? ወይስ ማየት ያልነበረበት ሰው? ይህን ስትመልሺ ታሪክሽ ሳይጀመር አይቀርም። መልክ ሁልጊዜ የሆነ ሰው ያየው ነው። «ቆንጆ ናት» ከማለትሽ በፊት ማን እያያት እንደሆነ ወስኚ፤ አማቷ የምታየውና ጎረቤቱ ጎረምሳ የሚያየው አንድ አይደለም።

*

«ደሴን ራሷን እንደ ገጸ ባሕርይ መግለጽ ፈልጌ ነበር። የጦሳን ተራራ፣ ጉሙን፣ ፒያሳን ጻፍኩ። የቱሪዝም ቢሮ ወረቀት መሰለብኝ።»
ከደሴ

ማን እያየው ነው? ያው ነው ነገሩ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ዳገቱ ግን ከ500 ሜትር በላይ ያስወጣል። የኮምቦልቻ ሹፌር በሸሚዝ ተነሥቶ ከተማው መግቢያ ላይ መስኮቱን ይዘጋል። ለእሱ ጦሳ ማለት ብርድ ነው። ልብስ ያጠበች ሴት ደግሞ ጉሙ የት ደረሰ ብላ ነው ጦሳን የምታየው፤ ገመዱ ላይ አንሶላ አላት። ሁለቱ ከሚያዩት በላይ ስለ ጦሳ አትጻፍ። የቀረውን ለቢሮው ተውለት።

*

«ሰላም ጋሼ። የሚኒባስ ረዳት ነኝ፣ ማታ ማታ እጽፋለሁ። ምልልስ አቃተኝ። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው የሚያወራብኝ። ይቺን ይዩልኝ፦

‹ልጄ ሆይ፣ ከሳውዲ ዓረቢያ ከተመለስክ ሦስት ወር ሞላህ። እስካሁን ሥራ ባለመጀመርህ እኔና እናትህ እጅግ አዝነናል› በማለት አባት ገለጸ።

‹አባቴ ሆይ፣ በስደት ያሳለፍኩት ስቃይ ልቤን ሰብሮታል። ጊዜ ያስፈልገኛል› በማለት ልጅ አስረዳ።»
ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ቀኑን ሙሉ ሚኒባስ ላይ ስትውል «ልጄ ሆይ» ያለ ተሳፋሪ ገጥሞህ ያውቃል? አባትየው ልጁ ከመጣ ሦስት ወር እንደሆነው ለልጁ ይነግረዋል። ልጁ አያውቅም እንዴ? ሁለቱ እየተነጋገሩ አይደለም። በልጁ ትከሻ ላይ አሻግረው ለእኔ፣ ለአንባቢው፣ እየነገሩኝ ነው። እኔ ደግሞ እዚያ ቤት አልተጠራሁም።

ሰው ዋና ነገሩን ፊት ለፊት አይናገርም። በርጩማዬ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራኝ ነበር። ጉዳዩን የሚያመጣው ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል ነው። አንዳንዱ ከፍሎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ «አንዲት ነገር ረስቼ» ይላል። የረሳት ነገር ዋናዋ ናት።

አባትህንና ልጅህን ይዤ እንዲህ ሞከርኩ፦

አባትየው ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰበሰበ።
«ጫማህ አሁንም አዲስ ነው» አለ።
«አዎ።»
«አፈር አልነካውም።»
ልጁ እግሩን ከመደቡ ሥር ከተተ።
«የነ ሐሰን ገብስ ደርሷል። አጫጅ አጥተዋል አሉ።»
«ማን አለ?»
«ሰው።»
«አብሽሩ፣ ቶናው ደርሷል» አለች እናትየው። ሲኒ ያነሣ አልነበረም።

ሦስት ወሩ የት ሄደ? ጫማው ላይ አለ። ሳውዲውም ጫማው ላይ አለ። ልጁ ስለ ስቃዩ አንድ ቃል አልተናገረም፣ እግሩን ግን ደበቀ። «ሰው» የምትለዋን ደግሞ እያት። ያለው ሰው ማን እንደሆነ ሦስቱም ያውቃሉ፤ አባትየው ራሱ ነው። «ሥራ ፈት አይደለህም ወይ» ብሎ ልጁን ማዋረድ አልፈለገም፣ ዝም ማለትም አልቻለም። ይህን ሁሉ እኔ አላብራራሁም። ለአንተ ስለሆነ ነው አሁን የማብራራው፣ ታሪኩ ውስጥ ብጽፈው ይበላሻል።

«አብሽሩ»ን ከወሎ ውጭ ላለ አንባቢ አልተረጎምኩትም። እናትየዋ የምትለው ስለ ቡናው ነው። ቃሉ ግን አይዟችሁ ማለት ነው። ስለ ቡና ብቻ እንዳልሆነ የባሌ ሰውም የሐዋሳ ሰውም ይገባዋል።

አንዲት ትንሽ ነገር። «ገለጸ» እና «አስረዳ»ን ጣላቸው። «ገለጸ» የተባለ ገጸ ባሕርይ ወዲያው ሚኒስትር ይሆንብኛል። «አለ» ይበቃል። የእኛ «አለ» ደግሞ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሎ ማንንም አይረብሽም። ማን እንደሚናገር ከታወቀ እሱንም ተወው፤ ከላይ አብዛኛው መስመር «አለ» የለውም፣ ግን አልጠፋብህም።

የአንተ ሥራ ደግሞ እኔ የማላገኘው ሀብት ነው። ሰው ከሚኒባስ ለመውረድ ስንት ዓይነት ቋንቋ እንዳለው ልብ ብለሃል? አንዱ ከሩቅ «ወራጅ አለ!» ብሎ ሰፈሩን ያሰማል። አሮጊቷ «ልጄ፣ እዚችው ጋ ጣል አርገኝ» ትላለች። አንዱ መውረጃው እስኪያልፍ ዝም ብሎ ከዚያ ጣራውን ይደበድባል፣ ጥፋቱም ያንተ ነው። መልስ ሲጠይቁህስ? ሁለት ብር የቀረችው «ረስተኸኛል» ይላል፤ መቶ ብር የሰጠህ ደግሞ እጁን ዘርግቶ ዝም ብሎ ያይሃል። አንድ ሳምንት ይህን ብቻ ጻፍና ላክልኝ። ታሪክ አይሁን። ሰው ሲወርድ ያለውን ብቻ።

*

«የገጠር ሰው ሳወራ ‹ከ›ን ሁሉ ‹ኸ› አድርጌ ልጻፍ? እኛ ጋ እንደዚያ ነው የሚነገረው።»
ከሐይቅ

ጨው እንደሚጨመር ጨምረው። አንድ ገጽ ሙሉ «ኸ» ከሆነ አንባቢው ማንበብ ትቶ ፊደል ይለቅማል። ይባስ ብሎ በገጠሩ ሰው የምትስቅ ያስመስልሃል፤ ተራኪው የመጽሐፍ አማርኛ እያወራ እሱ ብቻ «ኸዚያ ወዲያ» ሲል። አንድ ሁለት ቦታ ላይ፣ «አንች» ከሚለው ጋር፣ ይበቃል።

እኔ ከፊደሉ ይልቅ መሐላውን አዳምጥ እላለሁ። አንዲት ጎረቤት አለችኝ። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን እንዳጣፋች ስትመለስ «ወላሂ ዛሬስ ብርዱ ጉድ ነው» ትለኛለች። ይህ ወሎ ውስጥ ብርቅ አይደለም፣ ከመስጊዱ ጎረቤቷ ጋር አብራ ያደገችበት አፍ ነው። «ወላሂ» ስትል አምናታለሁም፣ አላምናትምም። «ሚካኤልን!» ካለች ግን ነገሩ የምር ነው። ብድሯን ስትክድ «ወላሂ» አለች፤ «ሚካኤልን በይ» ስትባል ዝም አለች። አንድ ሰው ሁለት መሐላ ካለው የትኛው የዕለት፣ የትኛው የክፉ ቀን እንደሆነ ጸሐፊው ማወቅ አለበት። ይህን ካወቅክ «ኸ»ዋ ትቅርብህ።

*

«ለገጸ ባሕርያት ስም ማውጣት ያስቸግረኛል። መጀመሪያ የመጣልኝን እሰጣለሁ።»
ከባቲ

መጀመሪያ የመጣልህ ስም የጎረቤትህ ስም ነው፣ ይጣላሃል።

አማርኛ ስም ውስጥ ታሪክ አስቀድሞ ገብቷል። ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ብዙ ጊዜ ሌላ ልጅ ሞቶ በኋላ ለተወለደ ልጅ የሚወጡ ስሞች ናቸው። ገጸ ባሕርይህን ማስረሻ ካልከው እናቱ ልታስረሳው የፈለገችው ሰው ቤቱ ውስጥ አለ። አንድ መስመር ሳትጽፍ ሟች አገኘህ። ቅጽል ስም ደግሞ ሰፈሩ የሚሰጠው ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ካሣ የሚባለውን ሰው አገሬው «ጉዱ ካሣ» ይለዋል። «ጉዱ» ስለ ካሣ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ጠሪዎቹ የሚነግረን ይበልጣል።

ስለ ወሎማ ካነሣን፣ ደሴ ላይ የአይጠየፍን አዳራሽ ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል መጀመሪያ ስማቸው መሐመድ ዓሊ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና ሲነሡ የክርስትና አባታቸው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሆኑ። ይህ ታሪክ ነው። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚነካካኝ በመጽሐፍ የማይገኘው ነው፤ አብሮ አደግ ወዳጃቸው ሌሊት ብቻቸውን ሲቀመጡ በየትኛው ስም ጠራቸው? ሁለት ስም ያለው ሰው ስትጽፍ ማን በየትኛው እንደሚጠራው በወረቀት ለይተህ ያዝ። አንድ ቀን አንዱ ተሳስቶ በሌላኛው ይጠራዋል። ያ ቀን የታሪክህ መሐል ነው።

*

«የ9ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ድርሰት ሲጽፉ አንተና አንቱን፣ ‹አለ› እና ‹አሉ›ን በአንድ ሰው ላይ ይቀላቅላሉ። በቀይ አርማቸዋለሁ። ከእርስዎ ዓምድ ጋር ተያያዥ ነው ብዬ አላውቅም፣ ግን ልጠይቅዎ አልኩ።»
መምህር፣ ከኩታበር

መምህር፣ እንዴት አይያያዝም? ይህ ቋንቋ ለጸሐፊ ከሰጠን መሣሪያ ሁሉ እኔ የማስበልጠው እሱን ነው። አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ። ፈረንጁ ሁለት ሰዎች ምን ያህል እንደተቀራረቡ ለመንገር ግማሽ ገጽ ይፈጅበት ይሆናል። እኛ በአንዲት ፊደል እንጨርሳለን። ባል ሚስቱን «አንች» ሲል እሷ «አንቱ» ብላ ስትመልስ ቤቱን አየሁት። ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ቀን «አንተ» ካለችው ድስት ከእሳት ላይ ወርዷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ለረጅም ጊዜ ለማንም አልተናገርኩትም።

አንድ ክረምት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከለጋምቦ በኩል መጣች። የባሏ ወንድም መሬቱን ይዞባታል። በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ቀስ ብላ ጀመረች። ምንም አትቆጣም። «እሳቸው እህሉን አጨዱት። እሳቸው በሬውን ነዱት። ሽማግሌ ብልክ እሳቸው አልመጡም።» የበደላት ሰው ነው፣ ግን የባሏ ታላቅ ነው፤ ስሙን እንኳ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔ ለማመልከቻው ስጠይቃት፣ ነው የጠራችው። እኔም እየሰማሁ እመታለሁ፦ ተከሳሽ እህሉን አጭደው፣ ተከሳሽ በሬውን ነድተው።

መሐል ላይ ከመሬቱ ወጣች። «በዚያ ሰሞን ልጄ ታመመብኝ። በቅሎዋን ያውሱኝ፣ ሐኪም ቤት ላድርሰው አልኳቸው። ‹በቅሎዋ ደክማለች› አለኝ።»

እጄ ቆመ። አሉኝ አላለችም። አለኝ።

እሷ ያወቀችው አይመስለኝም። ድምጿ አልተለወጠም፣ እንባም አልመጣም። ወዲያው ደግሞ ተመለሰች፤ «ከዚያ እሳቸው አጥሩን ወደ እኔ ገፉት» ብላ ቀጠለች። «እሱ» የሆነላት ለአንዲት ቃል ያህል ነበር። በዚያች ቃል ግን ሰውየው ከታላቅነቱ ወርዶ በሩ ላይ ቆሞ፣ በቅሎው ከኋላው ሣር ስትግጥ ታየኝ። መልኩን አልነገረችኝም። ዛሬም ባየው የማውቀው ይመስለኛል።

«ልጁስ?» አልኳት።

የጽሕፈት መኪናውን አየች። «ስለ መሬቱ ብቻ ይጣፉልኝ» አለችኝ።

ስለ መሬቱ ብቻ ጻፍኩላት። ማመልከቻ ውስጥ በቅሎ ቦታ የላትም፤ ዳኛው ምን ያደርግባታል? ያቺ «አለኝ» ግን ከእኔ ጋር ቀረች። በኋላ ራሴ ታሪክ መጻፍ ስጀምር ከሁሉ በፊት የሞከርኩት እሷን ነው። ሦስት ጊዜ ጻፍኳት። በመጀመሪያው «በምሬት ተናገረች» ብዬ ጨመርኩበት፣ ሞተ። በሁለተኛው አስለቀስኳት፣ ያም ሞተ። በሦስተኛው ያለችውን ብቻ አስቀመጥኩና ከዚያ ቀጥሎ አጥሩን ጻፍኩ። አንድ ወዳጄ አንብቦ «እዚህ ጋ የፊደል ስሕተት አለብህ፣ ‹አሉኝ› ለማለት ነው አይደል?» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ ወረቀቱን ሳይመልስልኝ፣ «አይደለም» አለ።

ስለዚህ መምህር፣ ቀዩን እስክሪብቶ ከማንሣትዎ በፊት ልጁን ጠርተው «እዚህ ጋ ‹አለ› ያልከው አውቀህ ነው?» ብለው ይጠይቁት። አብዛኞቹ «አይ፣ ተሳስቼ ነው» ይላሉ፤ ያርሟቸው፣ ይገባቸዋል። አንዱ ወይም አንዷ ግን አንገቷን ደፍታ ዝም ካለች፣ ደብተሯን ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ።